በጅጋ ገበያ ዳር፤ የተበጠሰ ድምፅ የሚቀጥሉ ሰዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ የዐባይን በረሓ በደጀን ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳውን በልቶ፣ ደምበጫንም አልፎ ጅጋ ሲደርስ ዐይኑ ብዙውን ጊዜ ወደ ፊት ነው። ፍኖተ ሰላም ቀርባለች፤ ከእርሷም ወዲያ ቡሬ አለች፤ ጀምበርም ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ከዚህም የተነሣ ጅጋ ብዙ ሰው በመስኮት የሚያያት፣ ጥቂት ሰው ግን የሚወርድባት ከተማ ናት። አውቶቡሱ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል፤ ቆሎና የተጠበሰ በቆሎ የያዙ ልጆች ወደ መስኮቱ ይንጠራራሉ፤ ረዳቱ በሩን በመዳፉ ይመታና «ሳበው!» ይላል፤ ጅጋም ከኋላ ትቀራለች።

አገሩ ለም ነው። ጅጋ የምትገኝበት የጃቢ ጠህናን ወረዳ ምድር በበቆሎውና በበርበሬው የታወቀ ነው፤ በመኸር ወራት የሚያልፍ ሰው በርበሬው በየደጁ ተሰጥቶ፣ ግቢው ሁሉ ቀይ ሥጋጃ የተነጠፈበት መስሎ ያየዋል። የብር ወንዝም ይህንኑ አገር አጠጥቶ ወደ ዐባይ ይወርዳል። ታሪክ ቢሆን በዚህ መንገድ ተመላልሷል። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ማለቂያ ላይ የኢጣልያ ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደምበጫ ሲሸሽ የተጓዘው በዚሁ በጅጋ መሥመር ነበር።

እህሉንና ታሪኩን ግን ሌሎች ጽፈውታል፤ ወደፊትም ይጽፉታል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግኩት ከትንሽ ጣት ጫፍ የማትበልጥ አንዲት ብረት ናት። ይህችውም በጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ጫፍ ላይ ያለችው፣ ወደ ስልክ ወይም ወደ ሬዲዮ ቀዳዳ የምትሰካው፣ ሕዝቡ «ጃክ» የሚላት ናት። «ይህ ደግሞ ምን የጉዞ ወሬ ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አልጠራጠርም። በበኩሌ ግን አንድ ከተማ ምን ዐይነት ኑሮ እንደሚኖር ለማወቅ ከሐውልቱና ከሆቴሉ ይልቅ ሰዎቹ ምኑን እንደሚጥሉና ምኑን እንደሚያስጠግኑ መመልከት ይሻላል እላለሁ። በጅጋ የጆሮ ማዳመጫ ተበላሽቶ አይጣልም፤ ይጠገናል።

ከዋናው አስፋልት ወደ ገበያው በሚያስገባው መንገድ ዳር፣ ልብስ ሰፊዎች ሲንጀሮቻቸውን ከደረደሩበት ጥግ አጠገብ፣ አንድ ወጣት ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ባለው የመስተዋት ሣጥን ውስጥ የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና ሚሞሪ ካርድ ይታያል። ይህ ለሽያጭ ነው። እውነተኛው ሀብቱ ግን ከጠረጴዛው በታች በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ነው። ከአሮጌ ሬዲዮና ከሞተ ስልክ የተፈታ ብሎን፣ ቁራጭ ሽቦ፣ የወለቀ ድምፅ ማጉያ፣ ደግሞም በክር እንደ ጨሌ የተሰካኩ ልዩ ልዩ ጃኮች በውስጡ ሞልተዋል። ሙያውን በትምህርት ቤት እንደ ጀመረውና በገበያው ዳር እንደ ጨረሰው ነገረኝ። ስሙን አልጽፍም፤ እንዲህ ያለ ወጣት በየከተማው አለና አንዱን ለይቶ ማመስገን ሌሎቹን ማስቀየም ይሆናል።

ጥቂት እንደ ተቀመጥኩ ደብተሩን በብብቱ ያቀፈ ተማሪ መጣ። ሰላምታውን ሰጥቶ የጆሮ ማዳመጫውን ከኪሱ አወጣና «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ዘፈኑን ያሰማኛል፤ አስተማሪውን ግን አያሰማኝም» አለ። እኔ ነገሩን እንደ ቀልድ ቆጠርኩት። ጠጋኙ ግን ፈገግ እንኳ አላለም። ሽቦውን ተቀበለና ከጃኩ ሥር፣ ላስቲኩ የጎበጠበትን ቦታ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ «የጋራው ተበጥሷል» አለ።

አንባቢ ይህን ነገር እንዲረዳው ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ውስጥ ቢያንስ ሦስት መንገዶች አሉ። አንዱ ለግራ ጆሮ፣ ሁለተኛው ለቀኝ ጆሮ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱም በጋራ የሚመለሱበት ነው። የግራው ቢበጠስ ግራው ጆሮ ይደነቁራል፤ የቀኙ ቢበጠስ ቀኙ። የጋራው ሲበጠስ ግን እንግዳ ነገር ይሆናል። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ጆሮ ይሻገራል፤ በዚህ ጊዜ በሁለቱም በኩል አንድ ዐይነት የሆነው ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የሚተርፈው በሁለቱ መካከል ልዩነት ያለው ብቻ ነው። በዘፈን ቅጂ የዘፋኙ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከመካከል፣ ማለት በሁለቱም ጆሮ እኩል ሆኖ ይቀዳል፤ መሣሪያዎቹ ግን ወዲያና ወዲህ ይከፋፈላሉ። ስለዚህ ዘፋኙ ጠፍቶ አጃቢው ብቻ ከሩቅ ዋሻ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል። የአስተማሪ ድምፅ ደግሞ በአንድ ማይክሮፎን ስለሚቀዳ በሁለቱም በኩል ፍጹም አንድ ነው፤ እርሱ ከናካቴው ይጠፋል። ልጁ የተናገረው ልክ ነበር።

ለዚህ ተማሪ ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ አልነበረም። የፊዚክስና የሒሳብ ትምህርት የተቀዳበት ሚሞሪ ካርድ ከጓደኛው ተውሷል፤ ካርዱን የሚመልስበት ቀን ተቆርጧል፤ የሚኖረውም ሦስት ሆነው በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ስለ ሆነ ድምፁን ለቆ መስማት አይችልም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዚህ ዘመን ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለአንባቢዎቼ መንገር አያሻም። በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በይፋ ተነግሯል። ወላጆቹ ከገጠር ስንቅ እየላኩ የሚያስተምሩት ልጅ እንዲህ ባለው ፈተና ፊት ቆሞ ሳለ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ስትበጠስበት ያሳዝናል።

ጠጋኙ መበየጃውን ብረት ሰክቶ እስኪግል ድረስ ስለዚህች ብረት ዘር ሐረግ ጥቂት ላጫውት። ጃክ የስልክ ልጅ እንጂ የዘፈን ልጅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ የስልክ ማዞሪያ ቤቶች ሲቋቋሙ የማዞሪያ ሠራተኛዋ ደዋዩን ከተደዋዩ ጋር የምታገናኘው በሽቦ ጫፍ ያለ የብረት መሰኪያ ከሰሌዳው ቀዳዳ እየሰካች ነበር። ያ መሰኪያ ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛሬም በትልልቅ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላይ ይታያል። ወደ አገራችን ስልክን ከኢጣልያ ይዘው የመጡት ራስ መኰንን መሆናቸው የታወቀ ነው፤ በ1882 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ ግቢ ድምፅ በሽቦ ተሰማ፤ ቀጥሎም ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መሥመር ተዘረጋ። በኋላም በማዞሪያ ቤቶቻችን ያገለገሉት የስልክ ሠራተኞች እጃቸው ከዚህችው ብረት አይለይም ነበር።

ትራንዚስተር ሬዲዮ ከኪስ በገባ ጊዜ መሰኪያዋም ቀጥና 3.5 ሚሊ ሜትር ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1979 የጃፓኑ ሶኒ «ዎክማን» የተባለውን የኪስ ቴፕ ሲያወጣ ይህችው ቀጭን ጃክ በዓለም ሁሉ ተሰራጨች፤ ከቴፑም ወደ ሞባይል ስልክ ተሻገረች። እ.ኤ.አ. በ2016 አፕል ኩባንያ ቀዳዳዋን ከአዲሱ ስልኩ አስወገደ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ በውድ ስልኮች ዘንድ ዘመኗ አለፈ ተባለ። ይሁን እንጂ በጅጋ ገበያ የሚሸጠው ባለ ቁልፍ ስልክ ይህን ወሬ አልሰማም፤ ቀዳዳውን እንደ ያዘ ነው።

መበየጃው ጋለ። ጠጋኙ የመጀመሪያውን ሥራ በመቀስ ጀመረ፤ ከጃኩ ወደ ላይ ሁለት ጣት ያህል ለክቶ ሽቦውን ቆረጠው። ልጁ ደንገጥ አለ። «አትፍራ፤ የታመመው ቦታ ነው የሄደው» አለው ጠጋኙ። ሽቦ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጠንካራው ጃክና ለስላሳው ገመድ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ በኪስ ውስጥ ሲጎብጥና ሲቃና ውሎ ያድራልና።

ቀጥሎ ከብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ የሚፈታ ጃክ መረጠ። ሽፋኑን ፈትቶ አስቀድሞ በገመዱ ላይ አጠለቀው። «ይኼን መጨረሻ ላይ አገባዋለሁ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ይበይዳል» አለኝ። ከተበየደ በኋላ ሽፋኑ የሚገባበት መንገድ የለም።

የገመዱን ላስቲክ በምላጭ ዙሪያውን ነካ ነካ አድርጎ ሳበው። ከውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴና የመዳብ መልክ ያላቸው ጭራዎች ወጡ፤ በመካከላቸውም ገመዱ እንዳይሳብ የሚያበረታ ነጭ ክር ነበረበት። አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ የቀኝ ነው፤ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው የግራ ነው፤ መዳብ የሚመስለው የጋራ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ ጌጥ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እያንዳንዷ ጭራ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ልባስ የተሸፈነች ናት፤ መዳብ የሚመስለው እንኳ ብዙ ጊዜ ልባስ አለበት። ልባሱ ሳይነሣ ቢበየድ ለዐይን የተያዘ ይመስላል እንጂ ድምፅ አያሳልፍም። ጠጋኙ ክብሪት ጭሮ የጭራዎቹን ጫፍ ለቅጽበት ከነበልባሉ አሳለፈ፤ የጠቆረውን በምላጩ ጀርባ በቀስታ ፋቀው፤ ከዚያም የጥድ ሙጫ የሚሸት ማስያዣ ነክቶ በጋለው ብረት ላይ ሊድ አቀለጠበት። ሊዱ የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል ሲሆን በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል። የጭራው ጫፍ እንደ ብር ነጣ። «ሲነጣ አዎን አለ ማለት ነው» አለ።

ጃኩ ውስጥ ያሉት መያዣዎች ከስንዴ ቅንጣት አይበልጡም። የጃኩ ጫፍ ለግራው ጆሮ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቀለበት ለቀኙ፤ ግንዱ ደግሞ ለጋራው። ሦስቱን የሚለያዩት ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበቶች ሙቀት አይችሉም፤ ብረቱ ቢዘገይባቸው ይቀልጡና ጃኩ ይጠማል። ስለዚህ ጠጋኙ ሲነካ በአፉ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይቆጥራል፤ ሦስት ሲል ያነሣል። ማይክሮፎን ያለው ማዳመጫ ሲሆን አራተኛ መንገድ ይጨመራል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። በአንዳንድ የቆዩ ስልኮች የጋራውና የማይክሮፎኑ ቦታ ከዛሬዎቹ ጋር የተገላበጠ ነው። የአንዱን ማዳመጫ ከሌላው ስልክ ሲሰኩት ያው የዋሻው ድምፅ ይመጣል፤ ባለቤቱም ያልተበላሸውን ተበላሸ ብሎ ያመጣዋል። ጠጋኙ እንዲህ ያለውን ሰው ገንዘብ ሳይቀበል እንደሚመልሰው ነገረኝ፤ ከሥራው ሁሉ ይህን ወደድኩለት።

መብራት በጠፋ ቀንስ ምን ታደርጋለህ ብዬ ጠየቅኩት። ከጠረጴዛው ሥር ጫፉ የሾለ ወፍራም የመዳብ ዘንግ አወጣና በስተጎኑ ቡና ወደምታፈላው ሴት ምድጃ ጠቆመኝ። ዘንጉን ከከሰሉ ውስጥ ያግልና ይበይዳል። የቀድሞው ቆርቆሮ ሠሪ የሚሠራውም እንዲሁ ነበር።

በመጨረሻ ምርመራው ተደረገ። አንድ የሬዲዮ ድንጋይ ወስዶ ከድንጋዩ አንዱን ጫፍ ከግንዱ፣ ሌላውን በቁራጭ ሽቦ ከጃኩ ጫፍ ጋር ነካ አደረገ፤ ግራው ጆሮ «ጠቅ» አለ። ወደ ቀለበቱ ዞረ፤ ቀኙ «ጠቅ» አለ። (ይህ ሲደረግ ማዳመጫውን ከጆሮ ማራቅ ይገባል።) ከዚያም ነጩን ክር ቋጥሮ በጃኩ ጉሮሮ አሰረው፤ ሽፋኑንም አጠበቀ። ልጁ ሰክቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ሂሳቡን ከፈለ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ይለወጣልና። አዲስ ከመግዛት ግን እጅግ ያነሰ ነበር።

ቀጥለው የመጡት ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ በዱላቸው ተደግፈው ትንሿን ስልካቸውን ከነሽቦዋ ዘረጉ። «ልጄ፣ ይቺ ሬዲዮኗ ታንሾካሹካለች እንጂ አትናገርም» አሉት። ጠጋኙ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸውና «አባቴ፣ አንቱ ይቀመጡ፤ አሁን እናናግራታለን» አላቸው። የእርሳቸው ጉዳይ ከተማሪው የተለየ ይመስላል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። በብዙ የሞባይል ስልኮች ውስጥ ያለው የኤፍ ኤም ሬዲዮ የራሱ አንቴና የለውም፤ የጆሮ ማዳመጫውን ሽቦ ነው አንቴና የሚያደርገው። ማዳመጫው ካልተሰካ ስልኩ ሬዲዮውን አልከፍትም ይላል፤ ያው የጋራው ሽቦ ሲበጠስ ደግሞ ይከፍታል፤ ነገር ግን ከሹክሹክታ በቀር አይሰጥም። እንግዲህ ያች ቀጭን ገመድ ለሽማግሌው ጆሮም አንቴናም ናት።

ይህ ነገር በደኅናው ዘመን ቀላል ይመስላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ ግን ወሬ የሚገባው በሬዲዮና ከሰው አፍ ነበር። መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ የታመመ ሰው ወደ ሆስፒታል ለመውሰድ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ለማወቅ የሚሻ ገበሬ ስልኩን ከነገመዱ ወደ ኮረብታ ይዞ ይወጣል። በዚያ ወራት ማዳመጫ ይጠገንልኝ የሚል ሰው በዝቶ እንደ ነበረ ጠጋኙ ሲያጫውተኝ ልብስ ሰፊዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሽማግሌው ጋር የተደረገውን ሰላምታ ደጋግሜ አሰብኩት። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸማ የሚሠራው ሰው ሥራው ይፈለግ ነበር እንጂ እርሱ ራሱ አይከበርም ነበር፤ በጎጃምም ከሌላው ጠቅላይ ግዛት የተሻለ ዕድል አልነበረውም። ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ቡዳ ነው ብሎ የሚሸሽ ገበሬ በየቦታው ነበረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት ስድቡ ሙያውን እያጠፋው መሆኑን ስላዩ ነው። እሳትና እርሳስ ይዞ በገበያ ዳር የሚቀመጠው የዛሬው ወጣት የዚያው ሙያ ወራሽ ነው፤ ሽማግሌው ግን «ልጄ» ይሉታል፤ ከእጁም ቡና ይቀበላሉ። ዐዋጁ ያደረገው ይሁን ሞባይሉ ያደረገው፣ ለመፍረድ አልደፍርም።

ከትምህርት ቤት ወጥተው የመንግሥት ሥራ ማስታወቂያ ከሰሌዳ ላይ ሲያነቡ የሚውሉ ወጣቶች ይህን ጠረጴዛ ሲያልፉ እንደ መጠጊያ እንጂ እንደ ሥራ አይቆጥሩትም። እኔም ሥራው የሚያበለጽግ ነው ብዬ አልዋሽም። ርካሽ አዲስ ማዳመጫ በየሱቁ ሞልቷል፤ ሽቦ አልባውም እየመጣ ነው፤ የእርሱ ባትሪ ሲደክም በምላጭና በክብሪት አይዳንም። ጠጋኙ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስለዚህ ማታ ማታ የስልክ መቀበያ ሰሌዳ መጠገን እየተለማመደ ነው። ይሁን እንጂ ከርካሹ አዲስ ይልቅ የእርሱ ብያጅ ብዙ ጊዜ ይበረታል፤ ፋብሪካው ነጩን ክር ሳያስር የሚተወውን እርሱ ያስረዋልና።

ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለም። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ እንደ መሆኗ ጠጋኞቿ በርከት ይላሉ፤ በመስተዋት በር ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ደረሰኝም የሚሰጡ አሉ። የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ማዳመጫቸውን ለምሳ ሲወጡ ሰጥተው ሲመለሱ ይወስዳሉ። ስለ እነርሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሥራቸው ያው ነው፤ ወንበራቸው ብቻ ይለሰልሳል።

ቡሬ ላይ ግን አንድ ብልሃት አየሁ። ከቡሬ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሌላው ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል፤ ስለዚህ የጭነት መኪና ሾፌሮች ይበዙባታል። ሾፌር ደግሞ ማዳመጫውን በመሪው ላይ እየጠመጠመ፣ ከኪሱ እየጎተተ ከሁሉ ፈጥኖ ይበጥሳል። በመናኸሪያው አቅራቢያ ያገኘሁት ጠጋኝ፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ አይጥልም። ፈትቶ ከውስጡ ያለችውን ትንሽ ሞላ ያወጣል፤ ገመዱ ከጃኩ በሚወጣበት ቦታ ላይ ያጠልቃታል፤ አንዱን ጫፏን በሽፋኑ ውስጥ ያስገባና ያጠብቃል። ገመዱ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይቀለበሳል እንጂ በአንድ ቦታ አይሰበርም። ከእስክሪብቶዎቹ አብዛኞቹን የሚያመጡለት በአካባቢው ያለ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው፤ አምስት ያመጣ ልጅ ማዳመጫው ሲበጠስ በነጻ ይጠገንለታል። በዚያ ቀን በጣሳው ውስጥ የነበሩትን ሞላዎች ቆጠርኩ፤ 43 ነበሩ።